ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት ፕሮላክቲኗ ለምን ከፍ አለ? ከሀዋሳ የተነሣ ጥያቄና መልሶቹ

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ የጻፈችው ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በፈረቃ የምትሠራ የ27 ዓመት ወጣት ናት። ካገባች ሁለት ዓመት ሆኗታል። የወር አበባዋ አንዳንዴ በሁለት ወር፣ አንዳንዴ በሦስት ወር ነው የሚመጣው። አገጯ ላይ ፀጉር ማብቀል ጀምሯል። አልትራሳውንድ ታይታ ፒሲኦኤስ (ወርን የሚያዛባና የወንድ ሆርሞን የሚያበዛ ችግር) አለብሽ ተባለች። ከዚያ የሆርሞን ምርመራ ታዘዘላት፤ የወተት ሆርሞን የሚባለው ፕሮላክቲኗ 46 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ሆኖ ወጣ። ስሟን ሸፍና ወረቀቱን ለጠፈችው። የመደበኛው ጣሪያ እዚያው ወረቀት ላይ 25 ይላል። የታከመችበት ቦታ ይህ የመጣው ከፒሲኦኤሱ ነው ተብሎ ፕሮላክቲንን የሚያወርድ ካበርጎሊን የሚባል መድኃኒት ተጻፈላት። መድኃኒቱን ገዝታዋለች፣ ግን ገና አልጀመረችውም። የጠየቀችው አጭር ነገር ነው፤ ፒሲኦኤስ በራሱ ፕሮላክቲንን ከፍ ያደርጋል ወይ? አማቷ በየእሑዱ ስለ ልጅ እንደሚያነሡባትም መጨረሻ ላይ ጨምራለች።

እኔ እዚሁ ሀዋሳ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ውይይቱን ከመጀመሪያው ተከታትዬዋለሁ፣ መሐል ላይም ጽፌበታለሁ። መልሶቹን እዚህ የምተርከው እንዲህ ዓይነት ወረቀት ይዘው የሚጨነቁ ሴቶችን ስለማይ ነው። ፒሲኦኤስና ፕሮላክቲን እንደ አንድ ነገር ተጠቅልለው ሲታዩ በጣም ያሳስበኛል።

መልስ 1 ቶሎ ነው የመጣው። ደግ መልስ ነበር። ጸሐፊዋ ፒሲኦኤስ ያለብን ሴቶች ሁሉ ፕሮላክቲናችን ከፍ ያለ ነው ብላ ጀመረች። የእሷ 90 ደርሶ እንደነበር፣ ካበርጎሊን በሳምንት ሁለት ጊዜ ስትወስድ ወሯ እንደተስተካከለ፣ አሁን ልጅ ወልዳ እያሳደገች እንደሆነ ተናገረች። አይዞሽ እህቴ፣ ጀምሪው የሚል መንፈስ ነበረው። ብዙ ሰው ወደደላት። መልስ 2 እዚያው ላይ ተደረበች። እሷም አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ያንኑ እንደተነገራት፣ የእሷ ቁጥር እንዲያውም ከ700 በላይ እንደነበር ጻፈች። ያ 700 ብዙ ሰው አስደነገጠ።

መልስ 3 አንድ መስመር ብቻ ናት። እርግዝና ታይቷል ወይ ብላ ጠየቀች። ጠያቂዋ ትንሽ ከፋት። መልስ 4 ላይ የሽንት ምርመራው ኔጌቲቭ መሆኑን ነግራ፣ ስለ ልጅ ለተጨነቀች ሴት ይህ እንደማይጠየቅ ቆጣ ብላ ጻፈች። እኔ ግን በመልስ 3 እስማማለሁ። ወር ሲቀርና ፕሮላክቲን ከፍ ሲል ከሁሉ በፊት የሚታየው እርግዝና ነው። ፕሮላክቲን ጡትን ለወተት የሚያዘጋጅ ሆርሞን ነው፤ በእርግዝና ጊዜ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ወሯ ድሮም የሚዘገይባት ሴት ደግሞ ማርገዟን ቶሎ አትጠረጥርም።

መልስ 5 ረዘም ያለ ታሪክ ነው። ጸሐፊዋ ስለ ታላቅ እህቷ ነገረችን። እህቷን ሁልጊዜ ይበርዳታል፣ ይደክማታል፣ ሆዷ ይደርቃል፣ ትወፍራለች፣ ወሯም ተዛብቷል። እሷም ፒሲኦኤስ ተብላ ነበር። ፕሮላክቲኗ 50 ገደማ ወጣ። አንድ ሐኪም አንገቷን ዳሰሰና አንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ ምርመራ አዘዘላት። ታይሮይድን የሚያዝዘው ቲኤስኤች የሚባል ሆርሞን በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። የታይሮይድ ኪኒን ከጀመረች በኋላ ከወራት ውስጥ ፕሮላክቲኑም ወረደ፣ ወሩም መጣ። ለፕሮላክቲን ብላ የዋጠችው ነገር የለም። ይህ ተአምር አይደለም። ታይሮይድ ሲደክም አንጎል ሊያነሣሣው ቲአርኤች የሚባል ሆርሞን አብዝቶ ይልካል። ያው ሆርሞን ፕሮላክቲን የሚያመነጩትን ሕዋሳትም ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ቲኤስኤች ሳይታይ ለፕሮላክቲን መድኃኒት መጀመር የለበትም ባይ ነኝ።

መልስ 6 ላይ አንድ እናት ገቡ። በትሕትና ነው የጻፉት። ልጅቷ አብሽ ትጠጣ እንደሆነ ጠየቁ። አብሽ ለአራስ የሚሰጠው ወተት እንዲያመጣ ነው፣ ስለዚህ ወተት የሚያመጣውን ሆርሞን እሱ ከፍ ሊያደርገው ይችላል የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ሁሉ ወደ አብሽ ዞረ። መልስ 7 ለመወፈር አብሽ በማር እንደምትጠጣ፣ መልስ 8 አብሽ ጠረኑ ከላብ ጋር እንደሚወጣ፣ መልስ 9 ደግሞ አጥሚት ከአብሽ እንደሚሻል ጻፉ። የአጥሚት አሠራር እስከነ ልኩ ተጽፏል። መልስ 10 ነርስ ናት። እናትየዋን አክብራ መለሰችላቸው። አብሽ ወተት ይጨምራል የሚባለው ብዙ አገር ያለ እምነት እንደሆነ፣ ማስረጃው ግን ደካማ እንደሆነ፣ ለ46 ቁጥር አብሽን መክሰስ እንደማይቻል አስረዳች። ግን የሚጠጣ ነገር ሁሉ ለሐኪም ይነገር ብላ የእናትየዋን ጥያቄ ከነክብሩ አስቀመጠችው። ደስ የሚል እርማት ነበር።

መልስ 11 የጻፈው አንድ ባል ነው። የሚስቱ ፕሮላክቲን 140 እንደነበር፣ ሳታጠባ ከጡቷ ወተት ይወጣ እንደነበር፣ ራሷን ያማት እንደነበር ተረከ። ኤምአርአይ ስትነሣ ከአንጎል ሥር ባለችው ፒቱታሪ ላይ 7 ሚሊ ሜትር የሆነ እባጭ ተገኘ። እስከዚህ ድረስ ጠቃሚ ነበር። ከዚያ ግን ሴቶች ምክንያቱን ሳይፈልጉ ኪኒን መዋጥ ይወዳሉ የሚል ነገር ጨመረበት። ነገሩ የከረረው እዚህ ላይ ነው። ጠያቂዋ መልስ 12 ላይ ቀልቧ ተገፎ የአንጎል ካንሰር ሊሆንብኝ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። መልስ 13 ሰውዬውን አላስቀመጠችውም። የተጨነቀችን ልጅ ማስፈራራትና መስደብ አንድ ላይ ምን ይባላል ብላ፣ ወንድሜ እያለች ልክ ልኩን ነገረችው።

ሰውዬው ስለ ሚስቱ የተናገረው ግን ትክክል ነው፤ ጠያቂዋ የፈራችው ነገር ደግሞ ትክክል አይደለም። በፒቱታሪ ላይ የሚበቅለው ፕሮላክቲን አመንጪ እባጭ ካንሰር የሚሆነው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ከ10 ሚሊ ሜትር በታች የሆነው ትንሹ ይባላል፤ ብዙው ጊዜ በካበርጎሊን ብቻ ይሟሽሻል፣ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። ፕሮላክቲን ከ100 ሲያልፍ ሐኪሞች ይህን መጠርጠር ያጠናክራሉ፤ ከ200 ሲያልፍ ደግሞ ትልቁን ያስባሉ። 46 ግን በብዙ ተራ ምክንያት የሚመጣ ቁጥር ነው።

መልስ 14 የሕክምና ተማሪ ነው። ዕውቀቱ ጥሩ፣ አነጋገሩ ሻካራ። ፒሲኦኤስ የሚባለው ሌላው ሁሉ ከተጣራ በኋላ እንደሆነ ጻፈ። በ2003 ሮተርዳም ላይ በወጣው መስፈርት መሠረት ከሦስት ነገሮች ሁለቱ መገኘት አለባቸው። እነሱም የእንቁላል አለመውጣት ወይም የወር መዛባት፣ የወንድ ሆርሞን መብዛት ወይም ምልክቱ፣ እና በአልትራሳውንድ የሚታየው የኦቫሪ ማለትም የእንቁላል ዕጢ ገጽታ ናቸው። ከዚያ በፊት ግን ታይሮይድና ፕሮላክቲን መታየት አለባቸው። በ2023 የታደሰው ዓለም አቀፍ መመሪያም ይህን የማጣራት ሥራ አልተወውም። ከዚያ ወደ መልስ 1 ዞረ። 90 የነበራት ሴት መጀመሪያውኑ ፒሲኦኤስ አልነበራትም ይሆናል፣ የራሷን በሽታ ሳታውቅ ሌላውን ታክማለች ብሎ ደፍሮ ጻፈ።

መልስ 15 የመጀመሪያዋ መላሽ ናት፣ ተቆጥታ። እሱ መጽሐፍ እንዳነበበ፣ እሷ ግን በሽታውን እንደኖረችው፣ ልጇንም በዚያው ሕክምና እንዳገኘች ጻፈች። ያላገባ ልጅ ስለ ወር አበባ አያስተምረኝም የሚል ቁጣም ነበረበት። ሁለቱንም እረዳቸዋለሁ። ሴትዮዋ መካንነትን ፈርታ ያለፈች ናት፤ የዳነችበትን መንገድ ቢነኩባት ታምማለች። ተማሪው ግን በፍሬ ነገሩ ትክክል ነው። በድሮ የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ መለስተኛ የፕሮላክቲን ከፍታ ከፒሲኦኤስ ጋር እንደሚሄድ ሲጻፍ ኖሯል። የሴት ሆርሞን የሆነው ኢስትሮጅን ፕሮላክቲን አመንጪ ሕዋሳትን ስለሚያነሣሣ ነው የሚል ማብራሪያም ነበረው። በኋላ ግን እነዚያ ሴቶች በጥንቃቄ ሲመረመሩ ሌላ ምክንያት ይገኝባቸው ጀመር። መድኃኒት፣ ታይሮይድ፣ እባጭ፣ ወይም የምርመራው የራሱ ችግር። ዛሬ ብዙ የሆርሞን ሐኪሞች የሚሉት ፒሲኦኤስ ያላት ሴት ፕሮላክቲኗ ከፍ ካለ ፒሲኦኤሱን ምክንያት አድርጎ ማለፍ እንደማይገባ ነው። ሁለቱ አንድ ሴት ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። አንዱ ሌላውን ወልዷል ማለት ግን አይደለም።

እኔ የጻፍኩት መልስ 16 ላይ ነው፤ ስለ ቁጥሩ ብቻ። መጀመሪያ መለኪያው ይታይ አልኩ። አንዱ ላብራቶሪ በናኖግራም በሚሊ ሊትር፣ ሌላው በሚሊ ዩኒት በሊትር ይሰጣል። 1 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ወደ 21 ሚሊ ዩኒት በሊትር ይጠጋል። የመልስ 2 ጸሐፊ ያስደነገጠችን 700 በዚህ መለኪያ ከሆነ 33 ናኖግራም ገደማ ነው፤ ከጠያቂዋም ያንሳል። ቀጥሎ ስለ ደም አወሳሰዱ ጻፍኩ። ፕሮላክቲን ቶሎ የሚደነግጥ ሆርሞን ነው። እንቅልፍ ከፍ ያደርገዋል። ጭንቀት፣ ከባድ ስፖርት፣ ግንኙነት፣ የጡት ጫፍ መነካካት፣ መርፌ መፍራት ሳይቀር ያንሩታል። ደም ሥሯ ጠፍቶ ክንዷ ደጋግሞ የተወጋ ሴት ቁጥሯ ከዕለቱ ጣጣ ጋር ተደባልቆ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ከተነሡ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ፣ ላብራቶሪ ደርሶ፣ አረፍ ብሎ መስጠት ይሻላል። መለስተኛ ከፍታ ደግሞ በአንድ ወረቀት አይፈረድበትም፣ ይደገማል።

ማክሮፕሮላክቲንንም አነሣሁ። አንዳንድ ሰው ደም ውስጥ ፕሮላክቲን ከፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣብቆ ትልቅ ሞለኪውል ይሆናል። ከደም ቶሎ አይወጣም፤ ማሽኑም ይቆጥረዋል። ሰውነት ላይ ግን ብዙም ሥራ የለውም። ወሯ ደህና፣ ጡቷ ደህና ሆኖ ቁጥሯ ብቻ ከፍ ያለባት ሴት ይህ ሊሆንባት ይችላል። ናሙናው ላይ ፖሊኢትሊን ግላይኮል ተጨምሮ ትልልቆቹ ሞለኪውሎች እንዲዘቅጡ ይደረግና የቀረው እንደገና ይለካል። ሁሉም ቦታ አይሠራም፤ ሐኪም ግን ሊጠይቅላት ይችላል። ይህ ሳይታይ ለዓመታት መድኃኒት የምትውጥ ሴት ሳስብ ሆድ ይብሰኛል።

ጠያቂዋ መልስ 17 ላይ ለእኔ መለሰች። ደሙን የሰጠችው ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣ ቤት ደርሳ አንድ ሰዓት ያህል እንደተኛች፣ እንዳይረፍድባት በባጃጅ እየበረረች መጥታ ነው። ማንም አልጠየቃትም፣ እሷም አልነገረችም።

መልስ 18 የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ ከሰሰች። መልስ 19 አረመቻት። መርፌው ወርን ሊያጠፋ፣ ካቆሙትም በኋላ እርግዝናን ለወራት ሊያዘገይ ይችላል፤ ጠያቂዋ ግን ተወግታ አታውቅም። ይህ በዚሁ አለፈ።

ከዚያ መልስ 20 መጣች። ከሁሉ በላይ ልቤን የነካችው እሷ ናት። ለአእምሮ ሕመሟ ሪስፐሪደን እንደምትወስድ፣ ከወሰደች ወዲህ ወሯ እንደጠፋ፣ ፕሮላክቲኗም ከ100 በላይ እንደሆነ ጻፈች። ይህን ለማንም ነግራ እንደማታውቅም ተናገረች። ያን ያህል ሰው በሚያነብበት ቦታ እንዲህ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። መልስ 21 መድኃኒቱን ዛሬውኑ አቁሚው አለቻት። መልስ 22 ወዲያው ደረሰ። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነው። አነጋገሩ ስለታም ነበር፤ ደግ አደረገ። እንዲህ ያለ ምክር ሰው ይጎዳል፣ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል ብሎ መልስ 21ን ገሠጻት። ለሴትዮዋ ግን ለስለስ ብሎ አስረዳት። ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል ፕሮላክቲንን የሚይዘው ልጓም ነው። ሪስፐሪደን፣ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ዶፓሚንን ስለሚያግዱ ልጓሙ ይላላል። መፍትሔ አለው። ያዘዘው ሐኪም መጠኑን ሊቀንስ ወይም ሌላ መድኃኒት ሊቀይርላት ይችላል። ካበርጎሊን ግን ዶፓሚንን ስለሚያነሣሣ የአእምሮ ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል፤ ሐኪሟ ሳያውቅ አይጀመርም። መልስ 23 ላይ ሴትዮዋ በሚቀጥለው ቀጠሮዋ እንደምትናገር ጽፋ አመሰገነችው።

ይህ ውይይት ነው መልስ 24ን ያመጣው። አንዲት ሴት ተመልሳ ጠያቂዋን ምን ዓይነት መድኃኒት እንደምትወስድ ጠየቀቻት። እስከዚያ ድረስ ያን ሁሉ የጻፍን ሰዎች አንዳችንም አልጠየቅናትም ነበር። መልስ 25 ላይ ጠያቂዋ ምንም እንደማትወስድ ጻፈች። ቀጥላ፣ ጨጓራዋ ሲያቅለሸልሻት ብቻ ፕላዚል ከመድኃኒት ቤት እየገዛች እንደምትወስድ፣ ሰሞኑን ግን በየቀኑ እንደሆነ ጨመረች። መልስ 26 ፋርማሲስት ናት። ፕላዚል ማለት ሜቶክሎፕራማይድ ነው። ዶፓሚንን ያግዳል፣ ፕሮላክቲንንም በደንብ ከፍ ያደርጋል። በየቀኑ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒትም አይደለም፤ የሰውነት እንቅስቃሴን የሚያዛባ ጉዳት አለው። ለሐኪሟ ነግራ እሱን አቁማ፣ ቢያንስ ሦስት ቀን ቆይታ ምርመራውን እንድትደግም መከረቻት። ለደም ግፊት የሚሰጠው ሜቲልዶፓም እንዲሁ ያደርጋል ብላ ለሌሎች አስታወሰች።

ከመልስ 27 እስከ 30 ያለው ስለ ምርመራ ዋጋ መወደድና ስለ ወረፋ ነው። አንዱ እንዲያውም አሞራ ገደል ዓሣ ስንት እንደገባ ጠይቆ መልስ አግኝቷል።

ጠያቂዋ መልስ 31 ላይ ተመለሰች። ፕላዚሉን አቁማ፣ በዕረፍት ቀኗ ተኝታ ተነሥታ፣ ረፋድ ላይ አረፍ ብላ ነው ደም የሰጠችው። 21 ሆነ። ቲኤስኤችም ደህና ነው። ካበርጎሊኑ ሳይከፈት ቀረ። የወረደው እንቅልፉ ተስተካክሎ ይሁን ፕላዚሉ ቆሞ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ስለተለወጡ መለየት አይቻልም። ወሯ ግን አሁንም አልመጣም። ብዙዎች እዚህ ላይ ግራ ተጋቡ። ፕሮላክቲኑ ከተስተካከለ ወሩ ለምን አይስተካከልም ብለው ጠየቁ። መልሱ ፒሲኦኤሱ እዚያው ስላለ ነው። ፕሮላክቲኑ ቢወርድም ባይወርድም የአገጯ ፀጉርና የወሯ መዘግየት የራሳቸው ሕክምና ይፈልጋሉ።

ልዩነቱ ለምን እንደሚጠቅም እዚህ ላይ ላስረዳ። ፕሮላክቲን በጣም ከፍ ሲል አንጎል ለኦቫሪ የሚልከውን ትእዛዝ ያፍናል። ኢስትሮጅን ይቀንሳል። ያ ለዓመታት ከቆየ አጥንት ይሳሳል። በፒሲኦኤስ የሚሆነው ሌላ ነው። ኢስትሮጅን አለ፤ እንቁላል ስለማይወጣ ግን ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን የለም። የማህፀን ውስጠኛው ሽፋን ሳይታጠብ እየወፈረ ይሄዳል፤ ለረጅም ጊዜ ከተተወ ለካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል። ስለዚህ ወሯ ከሦስት ወር በላይ የሚቆይባት የፒሲኦኤስ ታካሚ ሐኪሟ ወር የሚያመጣ ሆርሞን ሊሰጣት ይችላል። ልጅ ለምትፈልገው ደግሞ እንቁላል ለማስወጣት ቀድሞ የሚመረጠው ሌትሮዞል ነው፤ የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚንም እንደ ሁኔታው ይታከላል። ካበርጎሊን እዚህ ቦታ የለውም። የአንዱ በሽታ ስም ለሌላው ከተሰጠ ሴቲቱ የማያስፈልጋትን ትውጣለች፣ የሚያስፈልጋት ደግሞ ይቀርባታል።

መልስ 32 የመጀመሪያዋ መላሽ ናት። ቁጣዋ በርዶላት ነው የመጣችው። ቁጥሯ 90 በነበረ ጊዜ ታይሮይድም ኤምአርአይም እንዳልታየላት ጽፋ፣ አሁን ማየት ዋጋ አለው ወይ ብላ ጠየቀች። ተማሪው ስለ አነጋገሩ ይቅርታ ጠይቆ፣ የድሮ ወረቀቶቿን ይዛ የሆርሞን ሐኪም እንድታማክር ነገራት። ማንም ልጇን የማግኘቷን ደስታ አልነካባትም።

መልስ 33 አዲስ ሴት ናት። እሷም ፒሲኦኤስ ተብላለች። ከሁለቱም ጡቶቿ ወተት ይወጣል፤ ጡት የምታጠባው ልጅ ግን የላትም። ራሷን ያማታል፣ መንገድ ስትሻገር ከጎን የሚመጣ ባጃጅ አይታያትም። መልስ 34 የተረፈ ካበርጎሊን እንዳላት፣ በግማሽ ዋጋ እንደምትሸጥላት ጻፈች። መልስ 35 የመድረኩ አስተዳዳሪ ነው፤ 34ን አጠፋው። ሻጯ በመልስ 36 ልርዳ ባልኩ ብላ አኮረፈች። ማጥፋቱ ተገቢ ነበር። የጎን ዕይታ መጥበብ የሚመጣው እባጩ አድጎ የዓይን ነርቮች የሚሻገሩበትን ቦታ ሲጫን ነው፤ ይህ በሰው ትርፍ ኪኒን የሚሞከር ነገር አይደለም።

መልስ 37 የእኔ ነው። ሴትዮዋ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ነገ ጠዋት ሆስፒታል ሄዳ ካርድ እንድታወጣ፣ ሐኪሙ ፊት እንደተቀመጠች የአልትራሳውንዱን ወረቀት ከማውጣቷ በፊት ስለ ዓይኗ እንድትነግረው ጻፍኩላት።